ኮሚኬን አንብበሽ የልብሽን ንገሪኝ አለኝ፣ ምን ብዬ ልጻፍለት?

ማታ_አንባቢ፦

ሰላም ጓደኞች እንዴት ናችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ስለሆነ ታገሱኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጽፌ ሳጠፋ ጽፌ ሳጠፋ ነው የከረምኩት።

እኔ መሳል አልችልም፣ አንባቢ ብቻ ነኝ። ያለ አሳታሚ ያለ ምንም ብቻቸውን ጽፈው ብቻቸውን ሥለው ኦንላይን የሚለቁ ሰዎችን ኮሚክ ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ በስልኬ ማንበብ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ላይክ አድርጌ ከማለፍ በቀር ብዙም ኮሜንት የምጽፍ ሰው አይደለሁም፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ከምከታተላቸው መሀል አንዱን ከገጽ አንድ ጀምሮ ነው የያዝኩት። ልጁ በሳምንት አንድ ገጽ ይለቃል፣ አሁን 143 ደርሷል፣ ወደ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። በአካል አንተዋወቅም። ባለፈው ሰኞ ኢንቦክስ ጻፈልኝ፣ «ሰው ሁሉ አሪፍ ነው እያለኝ ያልፋል፣ ከመጀመሪያው ያለሽው አንቺ ነሽ፣ እባክሽ የልብሽን ንገሪኝ፣ እንዳታዝኚልኝ» አለኝ።

እኔ ደግሞ የልቤ ሁለት ነው። አንደኛ ኮሚኩን የምር እወደዋለሁ። ገጽ 61 ላይ ልጅቷ የተዘጋ በር ፊት ቆማለች። አራት ፓነል (በመስመር የተከለለ የስዕል ሳጥን) ነው፣ አንድም ቃል የለም። በመጀመሪያው ፓነል ከበሩ ስር ቀጭን ቢጫ ብርሃን ይታያል፣ በሁለተኛው እጇ መያዣውን ሊነካ ትንሽ ይቀረዋል፣ በሦስተኛው እጇ እዛው ነው ግን ብርሃኑ የለም፣ በአራተኛው ጫማዋ ብቻ ይታያል፣ አፍንጫው ወደ መጣችበት ዞሯል። በቃ ይሄው ነው። ውስጥ ያለው ሰው ሊተኛ ነው ያጠፋው ወይስ መምጣቷን ሰምቶ፣ እስከ ዛሬ አልተነገረንም። ያን ሌሊት ስልኬን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ ጣሪያ ሳይ ቆየሁ።

ከምዕራፍ አራት ወዲህ ግን እየጠፋሁ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ገቡ፣ ፀጉራቸው አንድ፣ ፊታቸው አንድ፣ ኮታቸው አንድ፣ ማን ምን እንዳለ ለማወቅ ሁለቴ ሦስቴ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ጽሑፉም በዝቷል፣ ንግግር የሚጻፍበት ፊኛ ውስጥ ታፍኖ ስልክ ላይ ካላጎላሁት አይነበብም። ገጽ 118 ላይ አንደኛው ወንድም ትልቅ ሚስጥር ያወጣል፣ እኔ ያወጣው ሌላኛው መስሎኝ ስድስት ሳምንት ሙሉ ታሪኩን ተሳስቼ ነው የተከታተልኩት።

ይሄን ልነግረው ስል ይሉኝታ ይይዘኛል፣ ይሉኝታ ብቻም አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሌላ ኮሚክ ስር በቅንነት «ካራክተሮችሽ ሁሉ ፊታቸው አንድ ነው» ብዬ ኮሜንት ጻፍኩ። ያልኩት ውሸት አልነበረም። ልጅቷ ከዛ በኋላ ሁለት ገጽ ለቀቀች፣ ቆመች። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ እስከ ዛሬ «ይቀጥላል» ይላል፣ አንዳንዴ ገብቼ አየዋለሁ፣ አልቀጠለም። ከዛ ወዲህ ነው ዝም ያልኩት።

እና ምን ትላላችሁ፣ በነፃ ለሚሠራ ሰው «ስዕልህ እዚህ ጋ ይደክማል» ይባላል? ከተባለስ እንዴት ነው የሚባለው? በተለይ ኮሚክ የምትሠሩ ካላችሁ እናንተ ምን ቢባልላችሁ ነው የሚጠቅማችሁ?


እርሳስ_በጆሮ፦

እህቴ ጽፈሽ ያጠፋሽውን መልሰሽ ጻፊለት። ለምኖ ነው የጠየቀሽ። እኔ ስድስተኛ ዓመቱን የያዘ ኮሚክ አለኝ፣ ከሥራ መልስ ነው የምሠራው፣ እና እውነቱን ልንገርሽ የሚያመኝ ወቀሳ አይደለም፣ «ዋው በርታ» ነው። ክፉ ቃል ነው ማለቴ አይደለም፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ገጹን ያነበበውም ያላነበበውም እኩል ሊጽፈው የሚችል ነገር ስለሆነ ከሱ የማገኘው የለም። አሥር ሰዓት የፈጀብኝን ገጽ ለቅቄ ሦስት በርታ ብቻ ሲመጣ ባዶ ክፍል ውስጥ ያወራሁ ይመስለኛል።

«ስዕልህ ይደክማል» የሚለውን ግን ተዪው፣ ስለሚያስከፋ ሳይሆን ምንም ስለማይል። ኤክስኬሲዲ የሚባለውን የራንዳል መንሮን ኮሚክ እዪ፣ በፈረንጆቹ 2005 ከተጀመረ ጀምሮ ሰዎቹ ክብ ራስና መስመር ናቸው፣ ፊት እንኳን የላቸውም። የራያን ኖርዝ ዳይኖሰር ኮሚክስ ከ2003 ጀምሮ ከጥቂት ገጾች በስተቀር ያው አንድ ዓይነት ስድስት ፓነል ነው፣ የሚቀየረው ንግግሩ ብቻ ነው። ዋን ፓንች ማንን ደግሞ ዋን በሚል ስም የሚጽፈው ሰውዬ በ2009 ኢንተርኔት ላይ ሲጀምረው ተማሪ ደብተር ጠርዝ ላይ የሞነጨረው ነበር የሚመስለው፣ ሰው ግን እየተሻማ አነበበው፣ በ2012 ዩሱኬ ሙራታ የሚባል ሠዓሊ ያንኑ ታሪክ በሱ እጅ እንደ አዲስ መሣል ጀመረ። እነዚህ ሁሉ በ«ስዕሉ ደካማ ነው» ሚዛን ቢመዘኑ ይወድቁ ነበር። አንቺም እኮ የጠፋሽው እጁ ደካማ ስለሆነ አይደለም፣ ገጽ 61ን የሣለ እጅ ነው ገጽ 118ንም የሣለው። የጠፋሽው ሁለቱን ሰዎች መለየት ስላቃተሽ ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ የሚስተካከልም ነገር ነው።

የጠቀመኝን ልንገርሽ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፣ «ገጽ 17 ላይ መልሱን ከጥያቄው በፊት አነበብኩትና ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ»። በቃ ይሄን ብቻ። ገጹን ከፈትኩት፣ ጠያቂዋ ቀኝ በኩል ዝቅ ብላ ነው ያለችው፣ መላሹ ግራ በኩል ከፍ ብሎ፣ ዓይን ከላይ ከግራ ስለሚጀምር መጀመሪያ የሚያገኘው መልሱን ነው። እኔ ንግግሩን ራሴ ስለጻፍኩት ቅደም ተከተሉ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፣ መቼም አይታየኝም ነበር። ከዛ ሌሎቹን ገጾች ስፈትሽ ያው ስህተት 11 ቦታ ላይ አገኘሁት። ለማስተካከል ደግሞ አንድም ስዕል አልነካሁም፣ ፊኛዎቹን ብቻ አንቀሳቅሼ አንድ ቅዳሜ ጨረስኩት። ያ ሰውዬ ስለ ችሎታዬ ምንም አላለም፣ ሲያነብ ምን እንደሆነ ብቻ ነው የነገረኝ።

አንድ ነገር አደራ ልበልሽ፣ ስለ ድሮዎቹ ገጾች አታንሺበት። በሳምንት አንድ ገጽ የሚሠራ ሰው ገጽ አንድን የሣለው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ ከዛ ወዲህ እጁ ተፈትቷል፣ ያንን ገጽ ሲያየው አንቺ ከምታዪው በላይ ያፍርበታል። «መጀመሪያው ላይ ያለው ስዕል እንደ አሁኑ አይደለም» ብለሽ ከነገርሽው ምዕራፍ አንድን እንደ አዲስ ልሣለው ብሎ ይነሳል። እኔን ደርሶብኛል። ስምንት ወር ሙሉ አዲስ ገጽ ሳልለቅ አሮጌውን ስደግም ቆየሁ፣ ስጨርስ ሲጠብቁኝ ከነበሩት ብዙዎቹ ሄደዋል፣ በዚያ ላይ በስምንት ወሩ ውስጥ እጄ እንደገና ስለተለወጠ መጀመሪያ የደገምኩት ገጽ ራሱ አስጠላኝ። ያሁኑን ብቻ ንገሪው፣ ነገ ጠዋት እርሳስ ሲያነሳ የሚሠራለትን።


ዝምተኛ_ላይክ፦

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሀሳብ አለኝ፣ ይቅርታ። ሰውዬው ብር አልጠየቀን፣ ግዙኝ አላለን፣ ከእንቅልፉ ቀንሶ ሠርቶ በነፃ ሰጠን። ስጦታ ሰጥቶሽ መጠቅለያው ተጨማዷል አይባልም። ደስ ካለኝ አነባለሁ፣ ደስ ካላለኝ ዝም ብዬ እወጣለሁ፣ እስከ ዛሬ የያዝኩት አቋም ይሄ ነው። «የልብሽን ንገሪኝ» የሚል ሰውም ብዙ ጊዜ ፈልጎት አይደለም፣ ደክሞት ነው፣ የሚፈልገው ቀጥል የሚለው ሰው ነው። እኔ የምወዳቸው አራት ኮሚኮች መሀል መንገድ ላይ ቀርተውብኛል፣ አንዳቸውም ሲቀሩ የት እንደሄዱ አላውቅም፣ እና አንቺ የነገርሽን ታሪክ ሳነብ እሱን ነው ያስታወሰኝ። አምስተኛ እንዲሆንብኝ አልፈልግም። እኔ ብሆን ገጽ 61ን ነግሬው አበቃ ነበር።


ፊኛና_ፊደል፦

@ዝምተኛ_ላይክ ወንድሜ ስሜትህ ይገባኛል፣ የቀሩብህ ኮሚኮች እኔንም ያንገበግቡኛል፣ ግን በስጦታው ነገር አልስማማም። ኮሚክ ተሠርቶ አልቆ የሚሰጥ ዕቃ ቢሆን ልክ ነህ። ይሄ ግን በየሳምንቱ እየተሠራ ያለ ነገር ነው፣ ገጽ 144 ገና አልተሣለም። ያላለቀ ቤት ግድግዳ ሲያጋድል ባለቤቱ «እስቲ ከውጭ ሆነሽ እዪልኝ» ብሎ ሲጠይቅ ዝም ማለት ደግነት አይደለም። አንባቢም እኮ እንግዳ ብቻ አይደለም። የሪች በርሉ ዘ ኦርደር ኦፍ ዘ ስቲክ የሚባለው ኮሚክ ሰዎቹ በመስመር የተሣሉ ናቸው፣ ኦንላይን በነፃ ነው የሚነበበው፣ በ2012 ግን ያለቁትን ጥራዞች ዳግም ለማሳተም አንባቢውን ሲጠይቅ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ያዋጡለት። ማንም ያላስገደደው ሰው ይሄን ያህል የራሱ ካደረገው ሀሳቡንም መናገር ይችላል።

እህቴ @ማታ_አንባቢ፣ ስለዚያች ስላቆመችው ልጅ በመጀመሪያ። እኔ ለሌሎች ሰዎች ኮሚክ ጽሑፉን ፊኛ ውስጥ የማስገባ ሰው ነኝ፣ አብሬያቸው ከሠራኋቸው ውስጥ ያቆሙ ብዙ አሉ፣ ያቆሙበት ምክንያት ግን ፈተና ነው፣ ልጅ መውለድ ነው፣ የእጅ አንጓ ሕመም ነው፣ ታሪኩ ራሱ መሄጃ አጥቶ ነው። በአንድ ኮሜንት የቆመ አላየሁም። አንቺ ኮሜንቱንና መቆሟን ጎን ለጎን ስላየሽው ነው ያገናኘሽው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዘሽው መዞርሽ አሳዝኖኛል። ይህን ስል ግን ያልሽበት መንገድ ምንም አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፣ እውነቱን ተነጋገሩ ካልሽን አይቀር። አልጠየቀችሽም ነበር። ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው የጻፍሽው። «ሁሉ» የሚለው ቃል ደግሞ ማምለጫ አይሰጥም፣ ያን ያነበበ ሰው ካለፉት መቶ ገጾች የትኛውን ያስተካክላል? ይሄኛው ግን ጠይቆሻል፣ በኢንቦክስ ነው፣ አንቺም የገጹን ቁጥር ይዘሻል። አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ወንድማማቾቹ። እኛ ጋ የታወቀ ፈተና አለ፣ ካራክተሮቹን በሙሉ ጥቁር ቀለም ትሞያቸዋለሽ፣ ልክ ጥላቸው ብቻ እንደቀረ፣ ከዛ ማን ማን እንደሆነ ከቀረው ቅርጽ መለየት ካልቻልሽ ችግሩ ፊቱ ላይ አይደለም፣ አቋሙ ላይ ነው። አንዱ ትከሻው ጎበጥ ይበል፣ አንዱ ሁሌ እጁን ኪሱ ያድርግ፣ አንዱ ኮቱን ሳይቆልፍ ይተወው፣ ፊታቸውን ሳይነካ ይለያሉ። ወንድማማች ስለሆኑ ሆን ብሎ አመሳስሏቸው ሊሆን ይችላል፣ መመሳሰላቸው ለታሪኩ ያስፈልግ ይሆናል፣ ስለዚህ «ለያቸው» ብለሽ አትዘዢው፣ ገጽ 118 ላይ ስድስት ሳምንት እንደተሳሳትሽ ንገሪውና እሱ ይወስን። ምናልባት እንድትሳሳቺ ፈልጎ ከሆነም ያኔ ታውቂዋለሽ።

የጽሑፉ ነገር ግን እኔን በጣም ነው የሚመለከተኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝም። አብዛኛው ሰው ገጹን የሚሠራው ትልቅ ስክሪን ላይ አጉልቶ ነው፣ መጽሐፍ ገጽ መስሎ፣ አንቺ ደግሞ መዳፍ በምታህል ስልክ ነው የምታነቢው። የመጽሐፍ ገጽ ወደዚያ ሲጠብ ሁሉም ነገር እኩል ያንሳል፣ ስዕሉ ሲያንስ ያምራል፣ ፊደሉ ሲያንስ ይሞታል። እኛ ፊደል ላይ ደግሞ ይብሳል። የእንግሊዝኛ ኮሚኮች በልማድ በትልልቁ ፊደል ብቻ የሚጻፉት አንዱ ጥቅሙ ሲያንስም መነበቡ ነው፣ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ በ«ቡ» እና በ«ቢ» መሀል ያለው ልዩነት አንዲት የጎን ጭረት ናት፣ መሀል ወይ ግርጌ። ያቺ ጭረት ስትደበዝዝ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ስለዚህ በስልክ እንደምታነቢ ንገሪው፣ ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሠሪዎች አንባቢያቸው በምን እንደሚያነብ አያውቁም። አንድ ገጽ በስልክሽ እንደሚታይሽ ስክሪንሾት አንስተሽ ላኪለት፣ ካንድ ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ይሻላል።

ወደ ታች በስክሮል የሚነበብ ቢያደርገውስ የሚል ሰው ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሜ ልናገር፣ እሱ ሌላ ሥራ ነው። ዌብቱን በሚባለው የኮሚክ መድረክ ላይ የሚለቀቀው በ800 ፒክሰል ስፋት ወደ ታች እየወረደ ነው፣ እዛ ላይ ጊዜ የሚለካው በፓነሎች መሀል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ስኮት መክላውድ ስለ ኮሚክ በ2000 ባወጣው መጽሐፉ ስክሪን የገጽ ወሰን የለውም፣ መጨረሻ የሌለው ሸራ ነው ብሎ ነበር፣ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን እንደ ገጽ የታሰበ ኮሚክ ቆራርጠሽ ወደ ታች ብትደረድሪው እነዚያ አራት የበር ፓነሎች ባንድ እይታ ጎን ለጎን መሆናቸው ይጠፋል። ሙሉ ገጹን ባንዴ ማየትሽ እኮ ነው ብርሃኑ መጥፋቱን ያሳየሽ። እሱን እንዲተው አትገፋፊው።


አርካይቭ_ቆፋሪ፦

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፣ እኔ የምጨምረው «አልገባኝም» እና «አልወደድኩትም» ይለዩ የሚለውን ነው። ወንድማማቾቹን አልለየሁም ማለት አልገባኝም ነው፣ ሌላ አንባቢም ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ምዕራፍ አራት ከበፊቱ ቀዝቀዝ አለብኝ ካልሽ ግን እሱ ያንቺ ጣዕም ነው፣ መናገር ትችያለሽ፣ ጣዕም መሆኑን ግን ብታሳውቂው ጥሩ ነው፣ አለበለዚያ ታሪኩን ላንቺ ብሎ ማጣመም ይጀምራል። የሚወዱት ኮሚክ ላይ ይሄ ይበረታል፣ ፍቅርሽ ስለሚሰማው ቃልሽ ይከብደዋል።

እስከየት አንብበሽ እንደምትናገሪም ንገሪው። አንቺ ሁሉንም ስላነበብሽ ላንቺ ቀላል ነው፣ እኔ ግን በዚህ ነገር ሰው በድያለሁ። ዌብኮሚኮችን እያነበብኩ የግል አስተያየቴን መጻፍ የጀመርኩ ሰሞን አንዱን አሥር ገጽ አንብቤ «ቀርፋፋ ነው፣ ምንም አይከሰትም» ብዬ ለቀቅኩት። ከወራት በኋላ አንድ ሰው እስከ ሃምሳ ሂድ አለኝ፣ ሄድኩ፣ ለካ እነዚያ «ምንም የማይከሰትባቸው» አሥር ገጾች ላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት በየገጹ ያው ሰዓት ላይ ቆሟል፣ ሁሉም ነገር የሚፈታው በሱ ነው፣ እኔ አላየሁትም። ጽሑፌን አስተካክዬ ሠሪዋን ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ይቅርታዬን በደስታ ነው የተቀበለችው፣ ግን በመጀመሪያው ጽሑፌ ምክንያት ሳይከፍቱት የቀሩትን ሰዎች መልሼ ማምጣት አልቻልኩም። ከዛ ወዲህ አሥር ካነበብኩ «አሥር ነው ያነበብኩት» ብዬ ነው የምጀምረው።

@እርሳስ_በጆሮ ስለ ድሮ ገጾች ያልከው እውነት ነው። የቶም ሲደል ጋነርክሪግ ኮርት የሚባለው ኮሚክ በ2005 ነው የጀመረው፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾችና የቅርቦቹን ጎን ለጎን ብታስቀምጥ የሁለት ሰው እጅ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ከወደድኩባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው፣ ታሪኩን ስታነብ ሰውዬው መሣል ሲማርም አብረህ ታያለህ። አሳታሚ የሚያወጣው መጽሐፍ ላይ ይህ አይገኝም። እና ለሰው ሳስተዋውቅ «መጀመሪያው ላይ ታገሱት» ብዬ ለአንባቢው ነው የምናገረው፣ ለሠሪው አይደለም።


ዝምተኛ_ላይክ፦

@ፊኛና_ፊደል እሺ፣ ያላለቀ ቤት ያልሽው ነገር አሳመነኝ። ሙሉ በሙሉ አይደለም ግን ስክሪንሾቱ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እሱ ማንንም አያስከፋም። @ማታ_አንባቢ ከነገርሽው ገጽ 61ን አስቀድሚ እባክሽ፣ ለማለሳለስ ብዬ አይደለም፣ ያ ገጽ እንደሠራለት ካላወቀ ምዕራፍ አራትን ሊያስተካክል ብሎ ጥሩውንም ሊነካው ይችላል። የሚስተካከለውን ብቻ የሰማ ሰው የማይነካውን በምን ያውቃል።


እርሳስ_በጆሮ፦

ይሄ ትክክል ነው። አንድ ጊዜ «ዝምታ በዛ» ስለተባልኩ ንግግር ጨምሬ በጣም የምወዳትን ትዕይንት አበላሽቻለሁ፣ ወደውት የነበሩት ዝም ብለው ስለነበር ወደውት እንደነበር የሰማሁት ካበላሸሁት በኋላ ነው።


ማታ_አንባቢ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። @ፊኛና_ፊደል ስለዚያች ልጅ የጻፍሽልኝን ሁለቴ አነበብኩት፣ ያልጠየቀችኝን በአደባባይ መናገሬን ማንም እንዲህ ፊት ለፊት ብሎኝ አያውቅም ነበር፣ ሲባል ቀለለኝ።

ትናንት ማታ ጻፍኩለት። እንዳለ እዚህ ላምጣው፣ ሌላም ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ቢገጥመው፦

«ሰላም፣ የጠየቅከኝን ይኸው። ሁሉንም 143 ገጽ አንብቤያለሁ፣ ሁሌም በስልክ ነው የማነበው። ገጽ 61 እስከ ዛሬ ካነበብኳቸው ኮሚኮች ሁሉ በጣም የምወዳት ገጽ ናት፣ ያለ ቃል በመሆኗ፣ ብርሃኑ ሲጠፋ እጇ ባለበት በመቅረቱ። ከምዕራፍ አራት ወዲህ ወንድማማቾቹን መለየት አቅቶኛል፣ ገጽ 118 ላይ ሚስጥሩን ያወጣው ታናሹ መስሎኝ እስከ 124 ድረስ ተሳስቼ ነው የሄድኩት፣ ሆን ብለህ ከሆነ ንገረኝ። ጽሑፉ እኔ ጋ እንዲህ ነው የሚታየው፣ ስክሪንሾቱን አያይዣለሁ፣ የቀይ ምልክት ያደረግኩባቸውን ቃላት ሳላጎላ ማንበብ አልቻልኩም። ምዕራፍ አራት ከሦስት ይልቅ ወሬ በዝቶበታል ብዬም አስባለሁ፣ ይሄ ግን የኔ ጣዕም ነው፣ እኔ ዝም ያሉ ገጾችን ስለምወድ ነው።»

ልኬ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት፣ ልቤ ይመታ ነበር። ዛሬ ጠዋት መልሷል። ወንድማማቾቹ ሆን ብሎ አይደለም፣ እሱ ጭንቅላት ውስጥ አብረው ስለኖሩ የማይለዩ መሆናቸው ፈጽሞ አልታየውም፣ «ትልቁ እኮ ግራኝ ነው» አለኝ፣ ሄጄ ሳይ እውነትም ትልቁ ሁሌ በግራ እጁ ነው የሚይዘው፣ 40 ገጽ ሙሉ አላስተዋልኩትም። ፊደሉን ከሚቀጥለው ገጽ ጀምሮ ሊያሳድገው ነው፣ ንግግሩንም ለዚያ ሲል ሊቀንስ ነው። ምዕራፍ አራት ወሬ በዝቶበታል ያልኩትን ግን አልተቀበለኝም፣ ወንድማማቾቹ ብዙ የሚያወሩት አንድ የሚደብቁት ነገር ስላለ ነው አለኝ፣ እሺ አልኩት።

ከዛ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ገጽ 61 ላይ ብርሃኑ መጥፋቱን ያወቅሽው ስንተኛው ፓነል ላይ ነው?» እውነቱን ነገርኩት፣ አራተኛው ላይ ነው፣ ጫማዋ መዞሩን አይቼ ለምን ብዬ ወደ ሦስተኛው ስመለስ ነው ያየሁት። እሱ ሦስተኛው ላይ እንዲታይ ነበር የፈለገው፣ «እንግዲያው በመጀመሪያው ፓነል ብርሃኑን ትንሽ ላስፋው?» አለኝ።

እንዳትነካው አልኩት።